የአባባ ዋንዛ

እሱ፦ እሺ ማይኩ ይሰራል አይደል? ዛሬ ባህር ዳር አጠገብ ዘንዘልማ ነን፣ የአንቺ አያት ግቢ።

እሷ፦ ሃሃ አዎ፣ የእናቴ አባት፣ አባባ ነበር የምንላቸው። በጋ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የአባይን ድልድይ ተሻግረን እንሄዳለን፣ እና በራቸው ላይ አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ፣ በቃ ሰላም እንኳን ሳንል ከስሩ ነን። ቢጫ ቢጫውን ፍሬ ከመሬት ለቅመህ ትመጠዋለህ፣ ይጣፍጣል ግን ከንፈርህን እርስ በርስ ነው የሚያጣብቀው።

እሱ፦ እኛ ደሞ ደብተር ነበር የምንለጥፍበት! ኮላ ማን ይገዛልናል።

እሷ፦ እኛም! በማግስቱ ስትከፍተው ገጹን ጉንዳን ወሮታል፣ አስተማሪው ደሞ የቤት ስራሽ የት አለ ይላል።

እሱ፦ ሃሃሃ በላው በያቸዋ!

እሷ፦ አባባ ንብ ነበራቸው፣ ክረምቱ አልፎ ነጩ አበባ ሲወጣ ዛፉ እንዳለ ይጮሃል። "ጆሮሽን ግንዱ ላይ አስጠጊ" ይሉኛል፣ ምንም አይሰማም እኮ፣ ግን ሰማሁ እላለሁ ደስ እንዲላቸው።

እሱ፦ ዛፉ አሁን የለም አይደል? ቆይ ግን ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ጥድ መቁረጥ በ1986ቱ የደን አዋጅ ክልክል ነበር እኮ።

እሷ፦ እሱ የመንግስት ደን ውስጥ ነዋ፣ የግቢህን ማን ይጠይቅሃል። እሳቸው ካረፉ በኋላ አጎቴ ጫት ተከለበት፣ ጥላው አላሳድግ አለ ተባለ፣ ቆረጠው። ደሞ እውነቱን ለመናገር ልፈርድበትም አልችልም፣ ጫት ውሃ ካገኘ በአመት ደጋግመህ ትሸጠዋለህ፣ ዋንዛ ሳንቃ እስኪወጣው ልጅህ ይድራል። ዞር ዞር ብለህ እየው፣ ወይ ጫት ነው ወይ ባህር ዛፍ።

እሱ፦ ጣና ዳር ዘጌ ግን አለ ባክሽ፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምህረት ገዳም ስትወጪ ቡናው ከዋንዛ ስር ነው።

እሷ፦ ዘጌማ በሬ አይጠመድ፣ ከብት አይገባ፣ ገዳሙን ከመሰረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ ነው ይላሉ። ኑሮው ቡና ነው፣ ጥላውን ቆርጦ ምን ሊበላ? እሱም ቢሆን እኮ በታንኳ ባህር ዳር ገበያ ይመጣ የነበረው ማገዶ ከየት ነበር መሰለህ።

እሱ፦ እና አጎትሽን ተኳረፍሻቸው?

እሷ፦ አንድ ወር ስልኩን አላነሳሁም። ከዛ ሳገባ አልጋ አሰርቶ ላከልኝ።

እሱ፦ እንዳትዪኝ።

እሷ፦ እራሱ ነው፣ ግንዱ። አንድ ማታ ጆሮዬን ራስጌው ላይ አስጠግቼ ባለቤቴ "ምን ሆነሻል?" አለኝ፣ ምን ልበለው አሁን።

እሱ፦ ሰማሁ አትዪውም?

እሷ፦ ሃሃ፣ እብድ ነው የሚለኝ!

እሱ፦ ችግኝስ አልተከልሽም?

እሷ፦ ተክዬ ነበር፣ የጎረቤት ፍየል ጨረሰው። ሁለተኛውን ዙሪያውን እሾህ አጥሬበታለሁ፣ አሁን ጉልበቴ ጋ ደርሷል።