የሦስቱ ፖሞች ተራኪ

የተከበራችሁ የንባብ ወዳጆች፣

የግድያ ታሪክ ስናነብ ሁላችንም የምንጨነቀው ገዳዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ ነው። ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ግን ታሪክን በታሪክ ያቀፈ ተረት በመሆኑ፣ የሚተርከው ማን እንደሆነና የሚያዳምጠውስ ማን እንደሆነ አብራችሁ እንድታስቡ እጠይቃለሁ። ተረቱ «አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» በተባለው የዐረብኛ ተረቶች ስብስብ ውስጥ የሚገኘው የሦስቱ ፖሞች ታሪክ ነው።

ኸሊፋው ሃሩን አል ረሺድ ማንነቱን ደብቆ ከወዚሩ (ከዋና ሹሙ) ከጃፋር ጋር በባግዳድ ሌሊት ሲዘዋወር አንድ ድሃ ዓሣ አጥማጅ ያገኛል። የሚወጣልህን በ100 ዲናር ከአንተ እገዛለሁ ብሎ መረቡን ወደ ጤግሮስ ወንዝ ሲያስጥለው፣ የተቆለፈ ከባድ ሳጥን ይወጣል፤ ሲከፈትም የተቆራረጠ የአንዲት ወጣት ሴት ሬሳ ተገኘበት። ኸሊፋው ጃፋርን በ3 ቀን ውስጥ ገዳዩን እንዲያመጣ፣ ካልሆነ ግን እንደሚሰቀል ይነግረዋል።

የምርመራ ታሪክ የለመደ አንባቢ እዚህ ላይ ጓጉቶ ይጠብቃል። ጃፋር ግን ዱካ አይከተልም፣ ምስክር አይጠይቅም፤ ቤቱ ተቀምጦ ሞቱን ይጠብቃል። መጀመሪያ ሳነበው ተራኪው የሰነፈ መስሎኝ ነበር። በስቅላቱ ቀን ግን አንድ ወጣትና አንድ ሽማግሌ፣ ባሏና አባቷ፣ «የገደልኳት እኔ ነኝ» እያሉ ይሻማሉ። ገዳዩ በመንገዱ አጋማሽ ታወቀ፤ ውሉ የጠፋው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

እውነተኛው ገዳይ ባልየው ነውና ታሪኩን ይናገራል። ሚስቱ ታማ ፖም ቢያምራት፣ ባግዳድ ውስጥ ስለታጣ እስከ ባስራ ተጉዞ 3 ፖሞች በ3 ዲናር ገዝቶላት ነበር። በኋላ ሱቁ ተቀምጦ ሳለ ፖም የያዘ ባሪያ ያያል፤ ከየት እንዳመጣው ቢጠይቀው «ውሽማዬ ሰጠችኝ፤ ባሏ ባስራ ድረስ ሄዶ ያመጣላት ነው» ይለዋል። ወደ ቤቱ ሮጦ ሲቆጥር ሁለት ብቻ አገኘ። ሦስተኛው የት እንደገባ አላውቅም አለችው፤ ገደላት። ልጁ እያለቀሰ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፖሙን የወሰደው እርሱ ነበር፤ ባሪያው ነጠቀው፤ የአባቱን የባስራ ጉዞም ለባሪያው የነገረው ይኸው ልጅ ነው።

ኸሊፋው ባልየውን ይምረውና አሁን ባሪያውን ፈልግ ብሎ ጃፋርን ያዘዋል። ጃፋር እንደገና ምንም ሳያደርግ፣ ሊሞት ትንሿን ልጁን አቅፎ ሲሰናበት በልብሷ ውስጥ ፖም ይዳስሳል፤ ባሪያው የገዛ ቤቱ ሰው ሆኖ ተገኘ። (ተረቱ ጥቁር አድርጎ የሣለው እርሱን መሆኑ ለእኛ አንባቢዎች ሳይጎረብጠን አያልፍም።) ጃፋርም ከዚህ የበለጠ አስደናቂ ታሪክ ልንገርህና ማርልኝ ብሎ ሌላ ረጅም ትረካ ይጀምራል።

እንግዲህ ሴትዮዋን ለሞት ያበቃት በመንገድ ላይ የተነገረ አንድ የሐሰት ታሪክ ነው፤ ባሪያውን የሚያድነውም ታሪክ ነው። ባልየው ተናገረ፣ ልጁ ተናገረ፣ ባሪያው ዋሸ፣ ጃፋር ተረከ። ሟቿ ብቻ ከዚያች «አላውቅም» በቀር የምትናገርበት ቦታ አልተሰጣትም።

ይህን ሁሉ የምትተርከው ደግሞ በየሌሊቱ ተረት እያወራች ሞቷን የምታዘገየው የንጉሡ ሚስት ሸህራዛድ ናት። አድማጯ ንጉሥ ሸህሪያር ሚስቱ ከከዳችው ወዲህ በየሌሊቱ አንዲት ልጃገረድ እያገባ ሲነጋ የሚያስገድል ሰው ነው። በመጀመሪያው ንባቤ ሳጥኑና ፖሙ ልቤን ስለወሰዱት እርሷን ፈጽሞ ረስቻት ነበር። በሁለተኛው ግን፣ በጥርጣሬ ሚስቱን የገደለ ሰው ታሪክ ለማን እየተነገረ እንደሆነ ሳስተውል መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት ተቀመጥኩ። ሸህራዛድ አንተም እንዲሁ ነህ አትለውም። ንጉሡም ስለ ባልየው አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ጃፋር የጀመረውን ታሪክ ለመስማት ሲል ለሌላ ሌሊት ያሳድራታል።