ዝም ያለ ኮምፒውተር ምን እየሠራ ነው?

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያም ድረስ መጥታችሁ እዚህ ደሴ ላይ ስለተገናኘን ደስ ብሎኛል። አዳራሹ ውስጥ እንደኔ ዓይነ ስውር የሆናችሁ ተማሪዎች አላችሁ። መምህራንና ወላጆችም አላችሁ። ዌብሳይት የሚሠሩ ወጣቶችም መጥተዋል አሉኝ፤ እነሱን ቆይቼ አገኛቸዋለሁ።

የማወራው ስለ አንዲት አጭር ጊዜ ነው። ሊንክ ከተጫንን በኋላ ገጹ እስኪከፈት ድረስ ስላለችው ጊዜ። ኔትወርኩ ደህና ሲሆን አትታወቅም። የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ቀን ግን፣ አገሩ ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ሲረባረብ፣ አታልቅም። የሚያይ ሰው ክቧ ስትሽከረከር እያየ ቢያንስ መናደድ ይችላል። እኛ ጋ ዝም ነው። ዝም ሲል ደግሞ ሰው ሊንኩን እንደገና ይጫናል። አሁንም ይጫናል። ብዙ ጊዜ ይሄ ጥያቄውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል፤ እየመጣ የነበረው ገጽ መንገድ ላይ ይቀራል። ክፍያ ላይ ከሆነማ ሁለቴ መክፈልም ሊመጣ ይችላል።

ዝምታ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ዝምታ «እየመጣሁ ነው» ማለት ነው። አንዱ «ተቋርጫለሁ» ነው። አንዱ ደግሞ «ጨርሻለሁ፣ ግን አልነገርኩህም» ነው። ሦስቱን መለየት ይቻላል፤ አብሽሩ።

መጀመሪያ የሚያዩት ሰዎች ምን እንደሚያዩ እንወቅ። ክሮም በሚባለው ብሮውዘር፣ ማለትም ገጽ በምንከፍትበት ፕሮግራም ላይ፣ የገጹ ስም በሚታይበት ታብ ውስጥ ያለችው ክብ፣ ሰርቨሩ (ገጹን የሚልክልን ማዶ ያለው ኮምፒውተር) እስኪመልስ ድረስ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ትዞራለች። መረጃ መምጣት ሲጀምር አቅጣጫዋን ትቀይራለች። ይህን ለሚያዩ ጓደኞቼ ስነግራቸው «እውነትክን ነው?» አሉኝ። ዓይን ስላለ ብቻ ሁሉ ነገር ይታያል ማለት አይደለም። ከገጹ ግርጌ ደግሞ ትንሽ ጽሑፍ ብቅ ትላለች። ፋየርፎክስ በሚባለው ሌላ ብሮውዘር ላይ በቅደም ተከተል አድራሻውን እየፈለገ እንደሆነ፣ እየተገናኘ እንደሆነ፣ መልስ እየጠበቀ እንደሆነ፣ መረጃ እየተቀበለ እንደሆነ ትናገራለች። ይቺ ጽሑፍ ወርቅ ናት። አድራሻ ፍለጋው ላይ ተገትሮ ከቀረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እኛው ጋ፣ ኔትወርካችን ላይ ነው። መልስ በመጠበቅ ላይ ከቆመ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተጨናነቀው ወዲያ ማዶ ያለው ሰርቨር ነው፤ ያኔ የዋይፋዩን ባለቤት መጨቅጨቅ ትርፉ ድካም ነው።

ድሮ ይህ ጽሑፍ ከብሮውዘሩ ግርጌ ቋሚ ቦታ ነበረው። ስክሪን ሪደራችንን፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልንን ፕሮግራም፣ «አንብብልኝ» ስንለው ያነብልን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ክሮም ያለዚያ መስመር መጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 ፋየርፎክስ 4 ም አነሳው። መስኮቱ ለዓይን ጸዳ፣ ሰፋ። ለኛ ግን አንድ የምንጠይቀው ቦታ ጠፋ። እኔ እስካሁን እንደ ውለታ አልቆጠርኩላቸውም።

ወደ ድምፅ ልምጣ። ኤንቪዲኤን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክል ከራን የተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር የጀመረው፣ በነፃ የሚገኝ ስክሪን ሪደር ነው። ፋይል ሲገለበጥ ወይም ፕሮግራም ሲጫን ቢፕ ቢፕ ይላል። ሥራው በገፋ ቁጥር ቢፑ እየቀጠነ ይሄዳል። አምባሰልንና ባቲን ገና ክራሩ ሲነካ ለሚለይ ለወሎ ጆሮ ይሄ ምን አላት! የኤንቪዲኤን ቁልፍ (ብዙ ጊዜ ኢንሰርት የሚባለው ነው) ይዛችሁ «ዩ»ን ብትጫኑ ቢፕ ብቻ፣ ንግግር ብቻ፣ ሁለቱንም ወይም ዝምታን መምረጥ ትችላላችሁ። ዝም ካሰኛችሁት በኋላ «ተበላሸ» እያላችሁ እንዳትደውሉልኝ።

ለገጽ ግን ዛሬ ዋናው ምልክታችን አርእስቱ ነው። ሊንክ ከተጫናችሁ በኋላ የኤንቪዲኤን ቁልፍ ከ«ቲ» ጋር ተጫኑ። የቀድሞውን ገጽ አርእስት ካነበበ፣ አዲሱ ገና አልደረሰም፤ ጠብቁ። የአዲሱን ካነበበ፣ ሰርቨሩ መልሷል፣ መረጃው መግባት ጀምሯል። አርእስቱ ከገጹ ሐሳብ ቀድሞ ስለሚመጣ ማለቁን አያረጋግጥም፤ መንገዱ ክፍት መሆኑን ግን ይነግራል። ማለቁን ለማወቅ በኮንትሮልና «ኤል» ወደ አድራሻው ሳጥን ሂዱ፤ ከዚያ በሺፍትና ታብ ወደ ኋላ ተመለሱ። አንዱ ቁልፍ «አቁም» የሚል ከሆነ ገና እየጫነ ነው። «እንደገና ጫን» ካለ ጨርሷል። ገጹ ሲያልቅ ኤንቪዲኤ ራሱ ማንበብ ይጀምራል፣ ካላጠፋችሁት በቀር።

ሌላም አለ። ገጹ ተከፍቶ ግማሹ የጎደለ ሲመስላችሁ ወዲያው ኤፍ 5 አትጫኑ። እሱ ገጹን ከኢንተርኔት እንደገና ይጠይቃል፤ ዳታችሁን ይበላል። የኤንቪዲኤን ቁልፍ ጨምራችሁ ኤፍ 5 ስትጫኑ ግን ስክሪን ሪደሩ ብሮውዘሩ ውስጥ ያለውን ገጽ ደግሞ ያነበዋል እንጂ ገጹን እንደ አዲስ አያወርድም። ፓኬጅ እየቆጠረ ለሚጠቀም ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አሁን ዌብሳይት ሠሪዎቹ። ስሙኝማ። ዛሬ ብዙ ገጽ ሳይለወጥ ውስጡ ብቻ ይለወጣል። «ፈልግ» ስንል አርእስቱ ያው ነው። የብሮውዘሩ ቁልፍም ምንም አይልም። እናንተ መሐሉ ላይ የምታሽከረክሯት ክብ ናት ሁሉን ነገር የያዘችው፤ እሷም ባዶ ሥዕል ናት። የዌብ ተደራሽነት መመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ቅጂ 2.1፣ ቁጥር 4.1.3 ላይ ይህን በግልጽ ይጠይቃል፦ የሁኔታ መልእክት ተጠቃሚው ካለበት ሳይነቃነቅ በስክሪን ሪደር እንዲነገር ሆኖ መሠራት አለበት። ሥራው ብዙ አይደለም። መልእክቱ የሚወጣበትን ሳጥን የሁኔታ ሳጥን መሆኑን በኮዱ አሳውቁ፤ ከዚያ «እየፈለግን ነው»፣ «ምንም አልተገኘም» ብላችሁ ጻፉበት። ስክሪን ሪደሩ የቀረውን ይጨርሰዋል። በየሰከንዱ አታስጩኹት ብቻ፤ መጀመሩና ማለቁ ይበቃናል።

መምህራን፣ እናንተን አንድ ነገር ልለምን። ብዙ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ «ክፍሉ ይረበሻል» ተብሎ ድምፁ ይዘጋል። ለኛ ልጆች ያ ማለት ስክሪኑን ማጥፋት ነው። ጆሮ ማዳመጫ ስጧቸው። ጆሮ ሙሉ በሙሉ የማይደፍነውን ብትገዙ ይሻላል፤ እናንተ የምታስተምሩትንም መስማት አለባቸው። በጀት ጠበበ ካላችሁ፣ አሁን በዕረፍቱ ሰዓት ወላጆች እዚሁ አሉ፤ ተነጋገሩ።