ስልሳ ብር

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የኪራይ ቤት ፍለጋውን ታሪክ እጨርሳለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር፤ አልጨርሰውም። ደላላው ለሌላ ቀን ይቆየን። ከአንድ ወር በላይ ደረቴ ላይ ተቀምጦ አልነሣ ያለኝ ነገር አለ፤ ለባለቤቴ እንኳ በቅጡ አልነገርኩትም። ከኋላ የምትሰሙት የጎረቤቴ አውራ ዶሮ ነው፤ ታውቁታላችሁ፣ ሲመሽ ነው የሚጮኸው።

ልጆቹ ሄዱ፤ ቡና ቅምሻ ሊማሩ ከውጭ የመጡት ሁለቱ ሰልጣኞች። ሩዋንዳዊው ቀደመ፤ ኖርዌያዊቷ ከሄደች ደግሞ ሦስት ሳምንት ሆናት። ጠዋት ወደ ቅምሻ ክፍሉ ስገባ ማንኪያዎቻቸው ይሰቀሉባቸው የነበሩት ሁለቱ ምስማሮች ባዶ ናቸው። የሚገርመው ሰውን ከሸኘሁት በኋላ የሚያስለቅሰኝ ምስማር ነው። ሦስት ወር አብረን ሠርተናል እኮ።

ከውጭ አገር ሰልጣኝ መቀበል አንድ ደብዳቤ ጽፎ ማኅተም ማስመታት ይመስለኝ ነበር። ለካ ቤት መፈለግም አለበት፤ ሆዳቸውን ሲያማቸው ሌሊት ስልክ ማንሣት አለበት፤ ረቡዕና ዓርብ ምሳ ላይ ሥጋ የማይቀርበው ለምን እንደሆነ ማስረዳት አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ማስተርጎም አለበት። ቡና ለመቅመስ ዓመታት ተምሬአለሁ፤ በሁለት ሰዎች መካከል ቆሞ ቃል ማቀበልን ግን ማንም አላስተማረኝም።

የሰዓቱን ነገር ባለፈው ነግሬአችኋለሁ፤ ሁለት ሰዓት ነይ ብያት ከምሳ በኋላ የመጣችበትን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥር ማስተማር ያዝኩ። ትምህርት ቤታችን የቅምሻ ጠረጴዛው ነበር። ለእያንዳንዱ ናሙና አምስት ሲኒ እንደረድራለን፤ እርሷ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ውኃ ትሞላለች። ቡናው ሳይነካ የሚቆይበት 4 ደቂቃ እስኪደርስ ስንጠብቅ ወደ አሥሮቹ እናልፋለን፤ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ። ስልሳ ላይ ምላሷ ይያዝ ነበር። ሰባ ላይ ደርሳ ተመልሳ ስልሳን ትለማመደዋለች፣ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። በሁለተኛው ወር የሚኒባስ ሒሳብ ራሷ ትከፍል፣ መርካቶ ሄዳ በዋጋ ትከራከር ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሩዋንዳዊው ደግሞ አፍንጫ አለው። በእነርሱና በቡሩንዲ ቡና ላይ የሚገኝ አንድ ጉድለት አለ፤ የድንች ጣዕም ይሉታል። አንቴስቲያ ከሚባል ፍሬ ከሚወጋ ተባይ ጋር ይያያዛል። አምስት ሲኒ ትቀዳላችሁ፣ አራቱ ንጹሕ ናቸው፤ በአምስተኛው ላይ የተንሳፈፈውን የቡና ሽፋን በማንኪያ ገለጥ ስታደርጉት የተላጠ ጥሬ ድንች ይሸታችኋል። የአንዲት ፍሬ ሥራ ነው። ልጁ ታዲያ የእኛንም ቡና ሲከፍት መጀመሪያ ትንፋሹን ይይዛል። «እዚህ የለም እኮ» ስለው «እኔ አውቃለሁ፤ አፍንጫዬ ግን አያውቅም» አለኝ። ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው የቡና ጥራት ውድድር ከአፍሪካ መጀመሪያ የተካሄደው በእነርሱ አገር፣ እ.ኤ.አ. በ2008 መሆኑንም የነገረኝ እርሱ ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው በ2020 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! ሙያውን ላሳየው የተቀበልኩት ልጅ እንዴት እንደሚጠነቀቅ እያየሁ ብዙ ተማርኩ። ስለ እርሱ አንድ ሙሉ ክፍል መሥራት አለብኝ፤ ዛሬ ግን እርሱ አይደለም ያስቸገረኝ። በዚያን ዕለት እርሱ መጋዘን ውስጥ ናሙና ይወስድ ነበር። እንኳንም አልነበረ።

ዕለቱ ማክሰኞ ነው። ኖርዌያዊቷ ከለቃሚዎቹ ጋር ተቀምጬ ልልቀም ብላ ጠየቀችኝ። ደስ አለኝ። ቡና ቀማሽ ከመጋዘን ወጥቶ መጋዘን ይገባል እንጂ ለቀማው ቤት ቁጭ አይልም፤ እኔም ብሆን በዓመት ስንት ቀን ነው የተቀመጥኩት? ለቀማው ቤት የምታውቁት ነው፤ ረጅሙ ጠረጴዛ፣ ግራና ቀኝ ሴቶቹ፣ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ከላይ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ውስጥ ብናኙ ሲንሳፈፍ። የያዝነው ቡና ያልታጠበ ጉጂ ነበር። ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበሳውን፣ የተሰበረውን እያወጡ ይጥላሉ። እጃቸው ከዓይናቸው ይቀድማል።

ከለቃሚዎቹ አንዷ ከሆኑት ከእማማ ጎን አስቀመጥኳት። እማማን ታውቋቸዋላችሁ፣ በፋሲካው ክፍል ስለ እርሳቸው አውርቻለሁ። ልጅቷ አንድ ረዘም ያለ ፍሬ አንሥታ ልትጥል ስትል እማማ ጣቷን ያዝ አደረጓትና «ይህ ምን አደረገሽ? ጤነኛ ነው፤ ቁመቱ ነው እንጂ» አሏት። ፍሬውን ከጣቶቿ መካከል አውጥተው ወደ ደጉ መለሱት። ልጅቷ ሳቀች። እኔም ተርጉሜ ሳቅሁ። ሁላችንም ደህና ነበርን።

ከዚያ እማማ እጃቸውን ሳያቆሙ «ልጄ፣ እስቲ ጠይቂልኝ» አሉ። «ይህ ቡና እነርሱ አገር ሲደርስ አንዱ ሲኒ በስንት ይሸጣል?»

ጠየቅኳት። ክፋት የለበትም፤ ሰው ስለ ሠራው ነገር ዋጋ ቢጠይቅ ምን አለበት? ልጅቷ አሰብ አደረገችና ቤቷ አጠገብ ባለው ካፌ 50 ክሮነር አካባቢ እንደሆነ ነገረችኝ። በዚህ ብታቆም ኖሮ... አላቆመችም። ትክክለኛውን ለመናገር የምትጠነቀቅ ልጅ ናት። እጇን በሱሪዋ ጠርጋ ስልኳን አወጣች፣ ወደ ብር መነዘረችውና ማያውን ወደ እኔ አዞረችው። ከስድስት መቶ ብር በላይ ነው። አየሁት። በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

እማማ ስልኩን አላዩም። የሚያዩት ፊቴን ነው።

«ስልሳ ብር» አልኳቸው።

(ረጅም ዝምታ)

አላሰብኩትም። ይህን ስል ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ በእውነት አላሰብኩትም። አፌ አንድ ዜሮ ጣለ። እማማ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ «ስልሳ ብር! ለአንድ ሲኒ! እመቤቴ ማርያም!» አሉ። ከዚያ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው ነገሯት። እርሷም ለሚቀጥለዋ። እንግዲህ ይህን ነው ሌሊት ሌሊት የማየው። ስልሳ ብር፣ ስልሳ ብር እየተባለ ከአፍ ወደ አፍ በጠረጴዛው ዳር ሲሄድ፤ ጥግ ሲደርስ ዞሮ በዚያኛው በኩል ሲመጣ። እያንዳንዷ ሴት ስትሰማው እጇ ለአንድ አፍታ ብቻ ቆም ይላል፣ ከዚያ ትስቃለች፣ ከዚያ ለቀማዋን ትቀጥላለች። እኔ የፈጠርኩት ቁጥር ነው። በስልሳም እንኳ ተደንቀው ነው የሳቁት።

ልጅቷስ? ስልሳን አስተምሬአታለሁ። ያን ያህል ያስቸገራትን ቃል ሳትለይ አትቀርም። ቀና ብላ አየችኝ፤ ያየችኝ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አሁን ልነግራችሁ አልችልም፤ ለእኔ ረጅም ነበር። ስልኳን ኪሷ ከተተችና ወደ ቡናው ጎንበስ አለች። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በዚያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም።

ለምን አልኩት? ብዙ መልስ ሰጥቻለሁ ለራሴ፤ አንዱም አልረጋልኝም። አንዳንድ ቀን ለእማማ አዝኜ ነው እላለሁ። የቀን ሒሳባቸውን አውቀዋለሁ፤ እዚህ አልጠራውም፤ ስድስት መቶ ግን አይገባም። ቁጥሩን እንደ ድንጋይ ጭናቸው ላይ አስቀምጬ እንዴት ልሄድ እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ውሸትሽን ነው፣ ያዘንሽው ለራስሽ ነው እላለሁ። «ታዲያ ለእኛስ ለምን...» ብለው ቢጠይቁኝ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ። ደመወዝ የምወስነው እኔ አይደለሁም፤ ግን በእነርሱ ዓይን እኔ የቢሮ ሰው ነኝ። ምናልባት ደግሞ በእንግዳ ፊት አፍሬ ይሆናል። አላውቅም።

ዱባይ ለኤግዚቢሽን የሄድኩ ጊዜም እኮ... ይህን ነግሬአችሁ አላውቅም። ካፌ ገባሁ፤ ሰሌዳው ላይ ይርጋጨፌ ተጽፎ አየሁ፤ ጓጉቼ አዘዝኩ። ስከፍል በልቤ ወደ ብር መነዘርኩና ጉሮሮዬ ተዘጋ። ማታ እናቴ ደወለች፤ ቡና ጠጣሽ ወይ ስትለኝ አዎ አልኳት። ስንት ነው ስትለኝ «የድርጅቱ ግብዣ ነው» አልኳት። በራሴ ገንዘብ ነው የጠጣሁት። ስለዚህ የመጀመሪያዬ አይደለም ማለት ነው። አሁን ሳወራላችሁ ነው ሁለቱ የተገናኙልኝ።

አንድ ሌሊት ተነሥቼ አሰላሁ። 60 ኪሎ ጆንያ ሲቆላ ወደ 50 ኪሎ ይወርዳል። ለአንድ ሲኒ 18 ግራም ብትሉ 2,800 ሲኒ ገደማ ይወጣዋል። ከዚያ በላይ ያለውን ስሌት አልቀጠልኩም፤ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። እርግጥ ነው የኦስሎ ካፌ ኪራይ አለበት፣ ግብር አለበት፣ የአስተናጋጁ ደመወዝ አለበት፣ ቡናውን የሚቆላውም ትርፉን ይፈልጋል። ያ ሁሉ ገንዘብ ለአንድ ሰው ኪስ አይደለም። ይህን ሁሉ ለእማማ ማስረዳት እችል ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ደግሞ ይገባቸዋል፤ እማማ ዕቁብ የሚሰበስቡ ሴት ናቸው፣ ሒሳብ ከእኔ ይበልጣሉ።

ልጅቷ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ቀን በፊት ነው፣ ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ ስንት ነው ብላ ጠይቃኝ ነበር። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተቆረጠ የለም፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ደመወዝ ቦርድ ይናገራል፣ መጠኑ ግን አልወጣም አልኳት። ትወቅሰናለች ብዬ ስጠብቅ «እኛም አገር ለሁሉም ሠራተኛ የሚሆን በሕግ የተወሰነ የለም፤ የሠራተኛ ማኅበራቱ ናቸው ከአሠሪዎቹ ጋር ተደራድረው የሚቆርጡት» አለችኝ። ያን ጊዜ ተጽናናሁ። አሁን ሳስበው የሚያጽናና አይደለም። እነርሱ ዘንድ የሚደራደር አለ። ለመደራደር ደግሞ ሰው መጀመሪያ ቁጥሩን ማወቅ አለበት። እና እኔ...

እሺ። ውኃ ልጠጣ።

ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ለቃሚዎቹ ልጅቷን «ስልሳ» ብለው ሰየሟት። በፍቅር ነው። ጠዋት በበሩ ስትገባ «ስልሳ መጣች!» ይላሉ፤ እርሷም እጇን ታውለበልባለች። በየቀኑ። በየቀኑ ውሸቴ በስሟ ይጠራል፣ እርሷም አቤት ትላለች። አንድ ቀን አስቁሜ ላወራት ፈልጌ ቅምሻ ክፍሉን ዘጋሁ። ውኃው ፈላ፣ ቀዳን፣ 4 ደቂቃ ጠበቅን። «አንድ ነገር» ብዬ ጀመርኩ። ሰዓቱ ጮኸ። ጎንበስ ብላ ከፈተችው፣ አሸተተችና «ኮክ ኮክ ይላል፤ አንቺስ?» አለችኝ። እኔም አሸተትኩ። ኮክ ይላል። በዚያው ቀረ።

ስትሸኝ እማማ ደረታቸው ላይ አቅፈው ጉንጯን ሳሟት። ለውጭ የተዘጋጀ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ በሕግ የተከለከለ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ እነርሱ ለቅመው የጣሉት ዓይነት ነው ቤታቸው ጀበና የሚገባው። «ስልሳ፣ ስትመለሺ የዚያን የስልሳ ብሩን ቡና ቅመሽልኝ፤ እንዴት እንደሚያደርጉት ንገሪኝ» አሏት። ይህን በትክክል ተረጎምኩ። ቃል በቃል።

ባለፈው ማክሰኞ መልእክት ላከችልኝ። ፎቶ ነው። ትልቅ ነጭ ኩባያ፣ መስኮት፣ ውጭ ዝናብ። ከኩባያው ኋላ የካፌው የዋጋ ሰሌዳ አለ፤ ጉጂ የሚለው ይነበባል፣ ዋጋውም ይነበባል። ከሥሩ በአማርኛ ፊደል፣ ተማሪ እንደሚጽፈው በተራራቁ ፊደሎች፣ «ለእማማ» ብላ ጽፋለች። ሌላ ምንም የለም።

አሳዪያቸው ማለቷ ነው? ወይስ ፎቶ ብቻ ነው? ሰሌዳውን ሆን ብላ አስገብታው ነው ወይስ እዚያው ስለነበረ? አጉልቼ አየሁት፣ አሳንሼ አየሁት። ሰሌዳውን ቆርጬ ኩባያውን ብቻ ላሳያቸው ብዬ የፎቶ መቁረጫውን ከፍቼው ነበር፤ እንዲያውም ግማሹን ጎትቼው ነበር። ዘጋሁት።

እማማ በየጠዋቱ «ስልሳ ደረሰች? ምን አለች?» ይሉኛል። ደህና ናት እላቸዋለሁ። ነገ ኮንቴይነር ይጫናል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለቀማው ቤት መሆን አለብኝ። ስልኬን ይዤ ነው የምገባው መቼም...

ዶሮው ዝም አለ። ቆይ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?