የክንዱን መታጠፊያ ተዉልኝ

የተከበራችሁ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባልደረቦቼ፣

ለሽኝቴ ቡና ስላፈላችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። አስተባባሪዋ «ሲስተር፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ብላኛለች። ከነገ ጀምሮ ጡረተኛ ነኝ፤ ዛሬ ግን ልታዘዛት እሞክራለሁ።

ያቺን የግንቦት ሌሊት የምታስታውሱ አላችሁ። ድሬ እንደ ምጣድ ግላለች። ከሌላ ቦታ የተላከ 1,300 ግራም ልጅ ተቀበልን፤ ስድስተኛ ቀኑ ነው፣ እትብቱ ደርቋል፣ በዚያ መግባት አይቻልም። ጨርቁን ስገልጥ የሁለቱም ክንዶቹ መታጠፊያ በመርፌ ብዛት ጠቁሯል፣ አብጧል። ለሳምንታት ላይን፣ መድኃኒትና ፈሳሽ በደም ሥር የሚገባበት መስመር፣ የሚያስፈልገው ልጅ! ረጅሟን ቀጭን ቱቦ፣ ካቴተሯን፣ ልብ አጠገብ የምናደርስበት የክንዱ በር ተዘግቶ ጠበቀን። አንዷ ልጅ ስልኳን በጓንት ጠቅልላ ከመዳፉ በታች አበራች፤ የሚታይ የደም ሥር የለም። ወደ እግሩ ወረድን። ከአርባ ደቂቃ በኋላ በውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ፊት የምትወጣዋን ሥር አገኘናት። የቀረችን እሷው ነበረች። እናቱ በሩ ላይ ቆማ «አልሐምዱሊላህ» አለች። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

የላኩትን ብቻ አልወቅስም። እኛስ? ለሦስት ቀን አንቲባዮቲክ መታጠፊያውን የምንወጋው ለምንድን ነው? ስለሚታይ! ስለሚቀል! ተረኛው ቶሎ ጨርሶ ሻዩን ሊጠጣ! አቦ፣ ያ ሥር የናንተ አይደለም፤ የልጁ ቀጣይ ወር ነው። ከእጅ ጀርባና ከእግር ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። ላይኛውን ቀድማችሁ ከበሳችሁት፣ ከታች የምትሰጡት ፈሳሽ እዚያ ይፈስሳል።

የምትወጉት ጭንቅላቱ ላይ ከሆነ፣ እናትየውን ሳታስፈቅዱ ፀጉሩን ለመላጨት ምላጭ አታንሱ። ከጆሮ ፊት ስትፈልጉ በጣት ዳስሱ፤ የሚመታ ከሆነ አርተሪ ነው፣ ደም ከልብ የሚያወጣው ሥር፤ ተዉት። ከ12.5 በመቶ በላይ ግሉኮስ በእጅ ጀርባ አይሰጥም። ካልሲየም ሲሰጥ ዓይናችሁ ከላይኑ አይነቀል፤ ከደም ሥሩ ውጭ ከፈሰሰ ቆዳ ይበላል። በፋሻ ጠቅልላችሁ አትሂዱ፣ በየሰዓቱ እዩት።

የሎከሬን ቁልፍ አስረክቤያለሁ። ሲያልቅብን እያልኩ የደበቅኋቸው ስድስት ቢጫ ካኑላዎች፣ ደም ሥር ውስጥ የሚገቡት ትናንሽ ቱቦዎች፣ ውስጡ አሉ። ለእጅ ጀርባ ናቸው።