በሕግ የተጻፈው ብርና በገበያ ያለው ብር
(በጎንደር የጡረተኞች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በሰብሳቢው የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከአዘዞም ከፒያሳም ከገጠር ቀበሌዎችም የመጣችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ የተከበራችሁ እንግዶች፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን ያቀርቡታል። እኔ እንደ አንድ ዜጋ ለአገሪቱ ፖሊሲ የማቀርበውን ሐሳብ ላስቀድም። ጉባኤው ከተስማማበት ለሕዝብ ተወካዮቻችን በጽሑፍ ይድረስልን።

ዋናው ሐሳቤ ይህ ነው፦ በሕግ የሚወሰን የብር መጠን፣ የጡረታ አበልም ሆነ የግብር መነሻ፣ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ይስተካከል። ማስተካከያውም የማንንም በጎ ፈቃድ ሳይጠብቅ በአዋጅ ይደንገግ። መለኪያው እንደሆነ አለ፤ የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት የዋጋ ለውጡን በየወሩ ያሰላል።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነጻ ያደረገው የወር ደመወዝ 600 ብር ነበር። ይህ ቁጥር ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በ2017 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት የጤፍና የዘይት ዋጋ የት እንደደረሰ ቅዳሜ ገበያ የወረደ ሁሉ ያውቃል። ማንም አዲስ ግብር ሳይጥልባቸው፣ ቁጥሩ ባለበት በመቆሙ ብቻ፣ ልጆቻችን ከዓመት ዓመት ከባድ ግብር ከፈሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመተማና የሁመራ ሰሊጥ የሚልክ ነጋዴ ተጠቅሞ ከሆነ እሰየው። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚገዛ ጡረተኛ ግን የሚልከው ሰሊጥ የለውም።

የእኛ አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት የአገልግሎት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ከዚያ በኋላ ገበያው ይሮጣል፣ አበሉ መንግሥት ጭማሪ እስኪወስን ድረስ ይቆማል። «ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን የምፈልገው ከራሳችን መዋጮ ነው። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ያስገባሉ። ይህ ገንዘብ ምን ሲሠራ ኖረ? የግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም መንግሥት ለአጭር ጊዜ ለመበደር የሚሸጠው ሰነድ፣ በገበያ ዋጋ መሸጥ እስከጀመረበት እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ወለዱ ከ2 በመቶ በታች ነበር፤ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ደግሞ የጡረታ ፈንዱ ነው። ዋጋ በሁለት አኃዝ ሲጨምር የሽማግሌዎች ቁጠባ በዚያ ወለድ ለመንግሥት በብድር ተሰጥቷል። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ስለዚህ የጡረታ ፈንድ ከዋጋ ንረት በታች በሆነ ወለድ ለመንግሥት እንዳያበድር በሕግ ይከልከል፤ የፈንዱም የኢንቨስትመንት ሪፖርት በየዓመቱ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ለአባላቱ ይቅረብ።

ጡረታ ያለን እኛ እንኳ ይህን ያህል ከተጎዳን፣ ጡረታ የሌላቸው ምን ይሁኑ? የፋሲል ግቢ አስጎብኚ፣ የባጃጅ ሾፌር፣ በቋራና በመተማ እርሻ ሰሊጥ የሚያርም የቀን ሠራተኛ፤ እነዚህ 11 በመቶውን የሚከፍልላቸው ቋሚ አሠሪ የላቸውም። ጸጥታ ሲደፈርስና እንግዳ ሲጠፋ ደግሞ ቀድሞ ጾሙን የሚያድረው አስጎብኚው ነው። እነርሱ ለጡረታ ሲያዋጡ መንግሥት በአሠሪው ቦታ ቆሞ የተወሰነ ድርሻ ይጨምርላቸው፤ መዋጮውን እድሮች ይሰብስቡ። ሒሳብ ያዥ አላቸው፣ አባላቸውን በስም ያውቃሉ፣ ከሁሉ በላይ ሕዝቡ ያምናቸዋል።

ስለ ዝቅተኛ ደመወዝ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። አዲስ ሕግ አያስፈልገንም፤ የተጻፈው ይፈጸም።

አሁን መድረኩን ለውይይት እከፍታለሁ። መዋጮው በእድር ይሰብሰብ በሚለው ሐሳብ የማይስማሙ የእድር ዳኞች በመካከላችን እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቅድሚያውን ለእነርሱ እሰጣለሁ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን የሚያረቅቁ ሦስት ሰዎች እንመርጣለን።