ሳይዋሹ ማሳሳት፦ የማስታወቂያ የማሳመኛ ስልቶች

ሰላማዊት፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። የዛሬው ውይይታችን ማስታወቂያ ሰውን ለማሳመን የሚጠቀምባቸውን ስልቶች ይመለከታል። ዮናስ፣ ብዙ ሰው «ማስታወቂያ አታለለኝ» ሲል «ዋሸኝ» ማለቱ ነው። አንተ ግን በዚህ አትስማማም።

ዮናስ፦ አልስማማም፤ ምክንያቱም ዓይን ያወጣ ውሸት ተጣርቶ ሊጋለጥና በሕግ ሊያስጠይቅ ስለሚችል ለአስተዋዋቂው ራሱ አደገኛ ነው። ሙያውን የተካነ አስተዋዋቂ የሚመርጠው፣ ሊስተባበል የማይችል ነገር ተናግሮ የተሳሳተውን ድምዳሜ ለሰሚው መተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የጀመረውን የካሜል ሲጋራ ዘመቻ ተመልከቺ። «ከየትኛውም ሲጋራ ይልቅ ብዙ ሐኪሞች ካሜልን ያጨሳሉ» ይል ነበር። አቆጣጠሩ ትክክል ነው ብለን ብንቀበል እንኳ፣ ማስታወቂያው ሲጋራው ለጤና ይስማማል አላለም፤ ሐኪሞች ለታካሚዎቻቸው ያዙታልም አላለም። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ከጽሑፉ ጎን ሲታይ ግን የጎደለውን አንባቢው ራሱ ሞላው፤ ሰው ደግሞ ራሱ የደረሰበትን ድምዳሜ እምብዛም አይጠራጠርም።

ሰላማዊት፦ ይህን ዓይነቱን አሠራር በስም ለይተው ካጠኑት መካከል እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ዮርክ ውስጥ የተመሠረተው የፕሮፓጋንዳ ትንተና ተቋም ይገኝበታል። ተቋሙ ከዘረዘራቸው ሰባት ስልቶች ውስጥ የታዋቂ ሰው ምስክርነት፣ የተከበረን ነገር ክብር ወደ ሌላ ማሸጋገር፣ ከተራው ሕዝብ አንዱ መስሎ መቅረብና «ሁሉም እየተቀላቀለ ነውና አንተም አትቅር» ማለት ዛሬም በየማስታወቂያው የምናያቸው ናቸው። ተቋሙ በዋናነት ያተኮረው በፖለቲካ ቅስቀሳ ላይ ነበር፤ ዝርዝሩ ለሸቀጥ ማስታወቂያም ይህን ያህል መስማማቱ ግን ሊያስገርመን አይገባም።

ዮናስ፦ የማያስገርመውም ሙያተኞቹ ከፖለቲካው ቅስቀሳ ወደ ሸቀጥ ማስታወቂያው ስለተሻገሩ ነው። አሜሪካዊው የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ኤድዋርድ በርኔይስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት የጦርነት ቅስቀሳውን ይመራበት ለነበረው ኮሚቴ ሠርቷል። ከዚያ በኋላ ያንኑ ጥበብ ለኩባንያዎች አዋለው። እ.ኤ.አ. በ1929 የፋሲካ ዕለት ወጣት ሴቶች በኒው ዮርክ ጎዳና በአደባባይ እያጨሱ እንዲያልፉ አደረገ፤ ሲጋራውም «የነፃነት ችቦ» ተባለ። ጋዜጦች ጉዳዩን የዘገቡት እንደ ዜና እንጂ እንደ ማስታወቂያ አልነበረም፤ በርኔይስን የቀጠረው የትምባሆ ኩባንያ ከመጋረጃው በስተጀርባ ነበርና።

ሰላማዊት፦ እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በሴቶች ማጨስ ላይ የነበረውን ነውር ያን ዕለት በርኔይስ ብቻውን ሰበረው የሚለው ትረካ ተጋንኗል፤ ልማዱ ከዚያ አስቀድሞም መስፋፋት ጀምሮ ነበር። ስለ ስኬቱ አብዝቶ የነገረን ደግሞ ራሱን በማስተዋወቅ የማይታማው በርኔይስ ነው።

ዮናስ፦ ትክክል ነው፤ ስለ ፕሮፓጋንዳ ኃይል የሚነገረውም ራሱ ፕሮፓጋንዳ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1957 ጄምስ ቪካሪ የተባለ ሰው፣ በሲኒማ ቤት ሸራ ላይ ዓይን ሊይዛቸው የማይችሉ ፈጣን መልእክቶችን በማሳየት ሽያጭ ጨመርኩ ብሎ ዓለምን አስደነገጠ፤ በኋላ ግን ሙከራው እንዳወራለት እንዳልነበረ ራሱ አመነ። እኔን የሚያሳስበኝ ስውሩ መልእክት ሳይሆን በግልጽ የሚታየውና የሚደጋገመው ነው።

ሰላማዊት፦ የመደጋገምን ጉልበት ጥናትም ይደግፈዋል። ሃሸር፣ ጎልድስታይንና ቶፒኖ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች በሳምንታት ልዩነት ደጋግመው የሰሙትን ዐረፍተ ነገር፣ እውነትም ይሁን ሐሰት፣ አዲስ ከሰሙት ይልቅ እውነት ነው ወደ ማለት አዘንብለዋል። አእምሮ የለመደውን ነገር በቀላሉ ይቀበለዋል፤ ያንን ቅለት ደግሞ ከእውነት ጋር ያምታታዋል።

ዮናስ፦ ከዚህ ጋር ተያይዞ የሊስተሪን ጉዳይ በጣም የሚያስተምር ይመስለኛል። ይህ የአፍ መጉመጥመጫ ጉንፋንን ይከላከላል እየተባለ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ተዋውቋል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1975 አባባሉ ሐሰት መሆኑን ሲወስን፣ ኩባንያው ማስታወቂያውን እንዲያቆም በማዘዝ ብቻ አልተወሰነም። ኩባንያው ለሊስተሪን ማስታወቂያ በድምሩ 10 ሚሊዮን ዶላር እስኪያወጣ ድረስ የሚያቀርበው ማስታወቂያ ሁሉ፣ ሊስተሪን ጉንፋንንም ሆነ የጉሮሮ ሕመምን ለመከላከል ወይም ለማቅለል እንደማይረዳ የሚናገር ዐረፍተ ነገር እንዲይዝ አዘዘ። የይግባኝ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1977 የትእዛዙን ዋና ክፍል አጸናው።

ሰላማዊት፦ ምክንያቱም ማስታወቂያው ቢቆም እምነቱ አብሮት አይቆምም።

ዮናስ፦ አዎን፤ በድግግሞሽ የገባ ነገር በድግግሞሽ እንዲወጣ ነበር የታሰበው። ነገር ግን ይህ መፍትሔ የሚሠራው አባባሉ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ነው። «እስከ 50 በመቶ ቅናሽ» የሚለውን ውሰጂ፤ ከመቶ ዕቃ አንዱ ብቻ በግማሽ ዋጋ ቢሸጥ ቃል በቃል እውነት ነው። «ይረዳል» የሚለው ግስም ምን ያህል እንደሚረዳ ሳይናገር ያልፋል።

ሰላማዊት፦ ዛሬ ደግሞ ከተራው ሕዝብ አንዱ መስሎ የመቅረቡ ስልት ወደ ማኅበራዊ ሚዲያና ወደ ደንበኞች አስተያየት ተሸጋግሯል። ያው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረኩትን ጨምሮ ሐሰተኛ አስተያየቶችን መሸጥና መግዛት ከልክሏል።

ዮናስ፦ ደንቡ ተገቢ ነው፤ ሆኖም አሁንም የሚያሳድደው በዋናነት በእውን የሌለውን፣ በፈጠራ የቀረበውን ደንበኛ ነው። አንድ ኩባንያ ከብዙ እውነተኛ ደንበኞች መካከል እጅግ የረኩትን ጥቂቶች መርጦ ካሜራ ፊት ቢያቆም፣ እያንዳንዳቸው ስለ ራሳቸው የሚናገሩት ትክክል ነው፤ የሚያሳስተው ያልተጠሩት ብዙዎች ምን ይሉ እንደነበር ተመልካቹ አለማወቁ ነው።