ኒሻንና የባለቤቱ ስም፦ በድሬዳዋ ዓመታዊ ጉባኤያችን ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የኒሻንና የሜዳይ ሰብሳቢዎች ማኅበራችን አባላት፣ ከሐረርና ከጅግጅጋ ድረስ የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ክቡራን እንግዶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ስለሚያቀርበው ወደዚያ አልገባም። ዓመቱን ሙሉ ከልቤ ያልወጣ አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱን ልንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ቤቴ መጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው አንድ ሜዳይ መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ሰማያዊና ነጭ ጥብጣቡ ደብዝዟል፤ ጫፉ ላይ ከኮት የተበጠሰ ጥቁር ክር ተንጠልጥሏል። ነሐሱን ገልበጥ ሳደርገው ጽሑፉ አማርኛ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ነበር፤ ለየዘማቹ አገር በየቋንቋው ሲቀረጽ ለእኛም በአማርኛ ተቀርጿል።

«ልጄ፣ የባለቤቴ ነው። ስንት ያወጣል?» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ስማቸውን ጠየቅኋቸው። ቡና ፈላ፤ እማማም እስኪመሽ አወሩልኝ። ሚያዝያ 1943 ዓ.ም ለኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ባቡሩ በዚህችው ከተማ እንዳለፈ ሁላችንም እናውቃለን። ባለቤታቸው ከባቡሩ መስኮት የገዙትን የድሬዳዋ ብርቱካን ልጣጭ ኪሳቸው ከተው መርከብ ላይ ሲያሸቱት እንደነበር ግን የሚያውቁት እማማ ብቻ ናቸው። ሜዳዩን ገዛሁ። ከሜዳዩ ጋር ከእማማ የሰማሁትን የጻፍኩበትን አራት ገጽም ያዝኩ፤ ዛሬ ከሁለቱ አንዱን ስጥ ብትሉኝ ወረቀቱን አልሰጥም።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። የእንግሊዝ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሜዳይ ጠርዙ ላይ የወታደሩ ቁጥርና ስም አለ። በእኛ ሜዳይና ኒሻን ላይ ግን የተሸላሚው ስም ብዙ ጊዜ አይቀረጽም። ስሙን የሚይዘው ምስክር ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበት ስለሆነ ከ1967 ዓ.ም በኋላ ፈርተን አቃጠልነው ያሉኝ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ኒሻኑን የቀበረ አለ፤ አቅልጦ ለልጁ ጌጥ ያሠራም አለ። እንግዲህ የቀረን የሰው አፍ ነው፤ እሱም በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ስለዚህ ስትገዙ ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም የዚያኑ ዕለት ጻፉ። ባል፣ አባት፣ የት ዘመተ፣ በማን እጅ ተሸለመ፣ ማን ደብቆ አቆየው፤ ሁሉንም።

አዲስ ለገባችሁ ወጣቶች አንድ ስሕተቴን ልናገር። የመጀመሪያዬን የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን ሳገኝ በአመድና በሎሚ ፈተግኩት። ወርቅ ቅብ መሆኑን የተረዳሁት ብሩ ብቅ ካለ በኋላ ነው፤ ዛሬም ሳየው ይቆጨኛል። አትፈትጉ፤ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሳት ይበቃል። ያረጀ ጥብጣብም በአዲስ አትቀይሩ። ሣጥኑንም አትጣሉ፤ የፓሪሱ ኒሻን ሠሪ አርቱስ ቤርትራን ወይም የአዲስ አበባው ጌጥ ሠሪ ሴቫጂያን ሥራ መሆኑን ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ የክዳኑ የውስጥ ሐር ላይ የታተመው ስም ነው።

ሌላው የድንበሩ ነገር ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የያዘ ሰው ማስመዝገብ አለበት፤ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። በጅቡቲ በኩል የተሻለ ዋጋ ይሰጣል የሚለው ወሬ እዚህ ድረስ እንደሚሰማ አውቃለሁ። ኒሻን ሊሸጥ ወደዚያ የሚሻገር አባል ከእኛ ጋር አይቀጥልም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

መግቢያው ላይ ካለው ጠረጴዛ አዲስ መዝገብ ተቀምጧል። ዛሬ ለዕይታ ያመጣችሁት እያንዳንዱ ኒሻን በአንድ ገጽ ይገባል፤ የመጀመሪያው መስመር የተሸላሚው ስም ነው። የእኔው የኮሪያ ዘማች ገጽ አንድ ላይ ናቸው። ቀጣዩን ገጽ ከሐረር በመጡት አባታችን እንጀምር፤ ጉባኤያችን ተከፍቷል።